ተሸንፈው በር የከፈቱልን ሴቶች



ልጆቻችንን በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ለብዙዎቻችን የስደቱ ሁሉ መካሻ ነው። ሌሊት በሆስፒታልና በሆቴል፣ ቀን በመኪና ማቆሚያና በሕፃናት መዋያ ስንሠራ የከረምነው ለዚያች ቀን ነው። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ዶርም ስትገባ ግን እኛ አብረናት የማንገባበት ሕይወት ይጀምራል። እዚያ መምህር ቢያስቸግራት፣ የክፍል ጓደኛዋ ቢያዋርዳት፣ በቀለሟ ወይም በመጣችበት አገር ቢያሸማቅቋት የት ትሄዳለች? መልሱ በአጭሩ «ለዚህ የተቋቋመ ቢሮ አለ» ነው። ያ ቢሮ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ከየት እንደመጣ ላወጋችሁ እፈልጋለሁ። ታሪኩን ሳገላብጥ ደጋግሞ ያገኘሁት ነገር አለ፤ በሩን ካስከፈቱት ሴቶች ብዙዎቹ የራሳቸውን ጉዳይ ተሸንፈዋል። ያተረፍነው እኛና ልጆቻችን ነን።

(የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኦተሪን ሉሲ፣ አላባማ፣ 1956

ኦተሪን ሉሲ በአላባማ ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። በ1952 ማይልስ የሚባለውን የጥቁሮች ኮሌጅ ከጨረሰች በኋላ፣ ከጓደኛዋ ከፖሊ አን ማየርስ ጋር ለአላባማ ዩኒቨርሲቲ አመለከቱ። ዩኒቨርሲቲው በደብዳቤ ተቀበላቸው፤ ጥቁር መሆናቸውን ሲያውቅ ግን በሩን ዘጋባቸው። ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ጠበቆቹን አቆመላቸው። ከጠበቆቹ መካከል ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ተርጉድ ማርሻልና ኋላ በፌደራል ዳኝነት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችው ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ ይገኙ ነበር። ክርክሩ ሦስት ዓመት ፈጅቶ በ1955 ፍርድ ቤት ይግቡ አለ።

ዩኒቨርሲቲው ግን ሌላ መንገድ ፈለገ። የፖሊ አንን የግል ሕይወት አስመርምሮ «ሥነ ምግባሯ አይመጥንም» ሲል ከለከላት። ሴትን ከትምህርትም ከሥራም ለማስቀረት ገመናዋን መቆፈር በኛም አገር የታወቀ ዘዴ ነውና አይገርመንም። ጓደኛዋ ብትቀር ኦተሪን ብቻዋን አትደፍርም ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። እሷ ግን ገባች። ዶርም ከለከሏት፤ ምግብ ቤቱንም እንዳትጠቀም ከለከሏት።

የመጀመሪያ ትምህርቷን የተማረችው አርብ፣ የካቲት መጀመሪያ 1956 ነበር። ሰኞ ዕለት ከግቢው ውስጥም ከውጭም የመጣ ሁከተኛ ከበባት። የሴት ተማሪዎች ዲን የነበሩት ሣራ ሂሊ ከአንድ የፕሬዚዳንቱ ረዳት ጋር ሆነው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በመኪና ሲያሻግሯት እንቁላልና ድንጋይ ወረደባቸው። በመጨረሻ በፖሊስ መኪና ውስጥ ተኝታ፣ እንዳትታይ ተደብቃ ወጣች። ከዚያም በከተማው ወዳለ አንድ የጥቁሮች ፀጉር ቤት ወስደው አስጠለሏት።

በዚያው ምሽት የዩኒቨርሲቲው ቦርድ «ለራሷ ደኅንነት» ብሎ ኦተሪንን አገዳት። ጠበቆቿ ዩኒቨርሲቲው ከሁከተኞቹ ጋር አሲሯል ብለው ከሰሱ፤ ይህን ክስ በኋላ ማስረዳት ስላልቻሉ አነሱት። ዳኛው ትመለስ ብሎ ሲያዝ፣ ቦርዱ ያንኑ ክስ ሰበብ አድርጎ ለዘለቄታው አባረራት። በክፍል የተማረችው ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። ሰው ሲጠቃ ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያ ያደረገው የተጠቃችዋን ማስወጣት ነው። ለተጠቃች ተማሪ የተመደበ ሰው፣ አቤቱታ የሚቀበል ቢሮ፣ የተጻፈ አሠራር አልነበረም። የነበራት ድጋፍ መኪና የነዱላት አንዲት ዲን፣ በማኅበር የተደራጁ ጠበቆችና በሯን የከፈተላት ፀጉር ቤት ነበሩ። ሰዎች ነበሩ፤ ሥርዓት ግን አልነበረም።

ኦተሪን አግብታ፣ ልጆች ወልዳ፣ መምህርት ሆና ኖረች። ዩኒቨርሲቲው ማባረሩን የሻረው በ1988 ነው፤ ከተባረረች 32 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ተመልሳ ተመዘገበችና በ1992 በትምህርት ማስተርሷን ተቀበለች። በዚያው ምረቃ ልጇ ግራዚያም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያዘች። እናት ከተባረረችበት ግቢ እናትና ልጅ አብረው ተመረቁ። ኦተሪን በ2022 በ92 ዓመቷ ያረፈችው፣ በስሟ የተሰየመው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ በተመረቀ በቀናት ውስጥ ነበር።

ስም ያልነበረው በደል፣ ኮርኔል፣ 1975

የኦተሪን በደል ቢያንስ ስም ነበረው፤ ዘረኝነት ነው። ሴት ልጅን በሴትነቷ የሚደርስባት ግን ለረጅም ጊዜ ስም እንኳ አልነበረውም። በአማርኛ «ለከፋ» እንላለን፤ ቃሉ ግን ጥፋቱን ቀላል ያስመስለዋል። «ለከፋት» ሲባል ሰሚው ፈገግ ይላል፤ «ቆንጆ ስለሆነች ነው» የሚልም አይጠፋም። «አስቸገራት» ስንል ደግሞ ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ በአቤቱታ ላይ አይጻፍም።

በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነበር። በ1974 ካርሚታ ዉድ የተባለች ሴት በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች። ስምንት ዓመት ሠርታለች። አንድ ከፍተኛ ሰው እጁን አልሰበስብ ብሎ ሲያስቸግራት ጤናዋ ታወከ፤ ሥራዋን ለቀቀች። የሥራ አጥ አበል ስትጠይቅ «ለምን ለቀቅሽ?» የሚል ጥያቄ ቀረበላት። የምትጽፈው ቃል አልነበራትም። «በግል ምክንያት» ተብሎ አበሉ ተከለከለ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊን ፋርሊ ስለ ሴቶችና ስለ ሥራ ትምህርት ትሰጥ ነበር። በክፍሏ ያሉ ሴቶች ተራ በተራ ስለ ሥራ ገጠመኛቸው ሲናገሩ፣ ብዙዎቹ በወንድ አለቃ ትንኮሳ ምክንያት ሥራ ለቀው ወይም ተባረው እንደነበር ተረዳች። እያንዳንዷ የራሷ ብቻ መስሏት ይዛው የኖረችው ነገር የሁሉም ሆኖ ተገኘ። ካርሚታ ወደ እነሱ ስትመጣ ጉዳዩን ለሕዝብ ለማውጣት ተሰባሰቡ፤ ምን ብለን እንጥራው ብለው ተከራከሩና በአማርኛ ዛሬ «ወሲባዊ ትንኮሳ» የምንለውን ቃል በእንግሊዝኛ መረጡ። ግንቦት 4 ቀን 1975 በኢታካ ከተማ ስብሰባ ጠሩ። ወደ 275 የሚጠጉ ሴቶች መጡ። አስተናጋጆች፣ ጸሐፊዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና መምህራን ተራ በተራ እየተነሡ የደረሰባቸውን ተናገሩ።

ካርሚታ ይግባኟን ተሸነፈች፤ አበሉንም አላገኘችም። ቃሉ ግን ቀረ። ዛሬ በሕግ፣ በፍርድ ቤትና በዩኒቨርሲቲ ደንብ ውስጥ የምናገኘው ቃል ከዚያ የሴቶች ስብሰባ የወጣ ነው።

ዬል፣ 1977፦ «ቢሮ ይቋቋምልን»

በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት ታይትል ናይን የሚባለውን ሕግ አወጣ። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ ምክንያት ማንንም ማግለል አይችልም ይላል። በ1975 የወጣው ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ ተቋም ጉዳዩን የሚከታተል ሰው እንዲመድብና የአቤቱታ ሥርዓት እንዲያበጅ አዘዘ። በወረቀት ሁሉም አለ። በተግባር ግን ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሕጉ ስለ ስፖርትና ስለ ቅበላ ብቻ የሚናገር አድርገው ያዩት ነበር።

ታዋቂው ዬል ኮሌጅ ሴቶችን በመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል የጀመረው በ1969 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሴት ተማሪዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ስለ አንዳንድ መምህራን ተመሳሳይ ነገር ሰሙ። አን ኦሊቫሪየስ የተባለችው ተማሪ ከሌሎች ጋር ሆና ቅሬታዎቹን ሰብስባ ለዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ በዘገባ አቀረበች። መልስ አጡ። ለተበደለች ተማሪ አቤት የምትልበት ቦታ አልነበረም።

በ1977 ክስ ተመሠረተ። የክሱ መጠሪያ የሆነችው ሮኒ አሌክሳንደር ፍሉት ትማር ነበር፤ በክሱ ላይ እንደተጻፈው በመምህሯ ምክንያት ሙዚቀኛ የመሆን ሕልሟን ተወች። ፓሜላ ፕራይስ ጥቁር ተማሪ ስትሆን፣ መምህሯ «እሺ ካልሽኝ ኤ እሰጥሻለሁ» እንዳላት፣ እምቢ ስትል ሲ እንዳገኘች ከሰሰች። የሆኪ ቡድን ረዳት የነበረች ተማሪ ደግሞ በአሠልጣኟ ላይ አቤት አለች። ከከሳሾቹ ጋር ጆን ዊንክለር የሚባል ወንድ መምህርም ነበር፤ ተማሪዎች እንዲህ እየፈሩ እኔም በትክክል ማስተማር አልችልም ብሎ ተቀላቀለ። ጠበቃቸው አን ሳይመን ነበረች፤ ገና ከሕግ ትምህርት የወጣችው ካትሪን ማኪነን በክርክሩ ሐሳብ አገዘቻቸው።

ከሁሉ በላይ ልብ የምንለው የጠየቁትን ነገር ነው። ዋና ጥያቄያቸው ገንዘብ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው አቤቱታ የሚቀበልና የሚመረምር ሥርዓት እንዲያቋቁም ነው የጠየቁት።

ፍርድ ቤቱ የአብዛኞቹን ክስ ውድቅ አድርጎ የፓሜላን ብቻ አስቀረ። ይሁን እንጂ በ1977 ማብቂያ ላይ በዚሁ ውሳኔው አንድ ትልቅ ነገር ተናገረ፦ የተማሪን ውጤት ከወሲብ ጥያቄ ጋር ማያያዝ በታይትል ናይን የተከለከለ የጾታ መድልዎ ነው። በ1979 የፓሜላ ጉዳይ ሲሰማ ዳኛዋ አላመኗትም፤ ተሸነፈች። በ1980 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ከምክንያቶቹ አንዱ ከሳሾቹ ተመርቀው መውጣታቸውና ዬል በዚህ መካከል የአቤቱታ ሥርዓት ማቋቋሙ ነበር።

ስለዚህ በመዝገቡ ተሸናፊዎች ናቸው፤ የጠየቁትን ግን አግኝተዋል። በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ ሥርዓት አቋቋሙ። ፓሜላ ፕራይስ ራሷ ጠበቃ ሆና፣ በ2002 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆማ በሥራ ቦታው በቀለሙ ለተበደለ ሰው ተከራክራ አሸነፈች።

ሕጉ የሚጠብቀው ቃል

በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንዲት የቴክሳስ ተማሪ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ደግሞ እኛን እናቶችን በቀጥታ ይመለከታል። መምህሯ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀምባት ልጅቱ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ እንዲህ አለ፦ ተቋሙ በገንዘብ ካሣ የሚጠየቀው፣ ነገሩን ለማስተካከል ሥልጣን ያለው ሰው በትክክል አውቆ ቸል ካለ ብቻ ነው። በአጭር አነጋገር፣ የሚመለከተው ሰው ካልተነገረው «አላወቅሁም» የሚለው መልስ ያስመልጠዋል። በቀጣዩ ዓመት የተሰጠ ሌላ ውሳኔ ተማሪ በተማሪ ላይ የሚፈጽመውን ከባድ ትንኮሳም በዚሁ መንገድ ጨመረ።

የትውልድ አገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ2005 በኢትዮጵያ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 በሴት ላይ ያለውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ለወሲብ የሚጠቀምባትን ሰው ይቀጣል፤ መምህርንም በስም ይጠራል። ቅጣቱ የሚመጣው ግን አቤቱታ ሲቀርብ ነው። አዲስ አበባም ሆነ አላባማ፣ ሕጉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው የተበደለችዋን ቃል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ማለት ነው።

ቃሉን የሚያዘገየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ነው። ልጅቷ «እናቴ ብታውቅ ከትምህርቴ ታስወጣኛለች»፣ «አባቴ ምን ይላል»፣ «ሐበሻው ሁሉ ይሰማል» ብላ ትፈራለች። እኛም በቅን ልብ «ዝም ብለሽ ተማሪ፣ ጨርሰሽ ውጪ» እንላለን። ይህ ምክር ለኛ በሥራ ቦታ ሠርቶልን ይሆናል። ለእሷ ግን ሕጉ የሰጣትን በር የሚዘጋ ምክር ነው። በተጨማሪም ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ በ1974 በወጣው የተማሪ መዝገብ ሕግ መሠረት በመዝገቧ ላይ ያለው መብት የእሷ ነው፤ ብንደውልም ዩኒቨርሲቲው ያለ ፈቃዷ ሊነግረን አይገደድም። ስለዚህ የምናውቀው እሷ ከነገረችን ነው። የምትነግረን ደግሞ የምንሰማት ከመሰላት ነው።

ልጆቻችን ዛሬ ያላቸው መብት

ስለ ታይትል ናይን የወጡት ዝርዝር ደንቦች ከመንግሥት መንግሥት ሲቀያየሩ ኖረዋል። በ2024 የወጣውን ደንብ አንድ የፌደራል ፍርድ ቤት በጥር 2025 ስለሻረው ወደ 2020ው ደንብ ተመልሷል። በዚህ ደንብ ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የታይትል ናይን አስተባባሪ መመደብና አድራሻውን ለተማሪዎች ማሳወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ተማሪዋ መደበኛ ክስ ባታቀርብም እንኳ ድጋፍ መጠየቅ ትችላለች። ክፍል መቀየር፣ ዶርም መቀየር፣ የፈተናና የሥራ ማስረከቢያ ቀን ማራዘም፣ ያስቸገራት ሰው እንዳያነጋግራት ማድረግ፣ የምክር አገልግሎት ማግኘት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። ብዙ ልጆች ይህን ስለማያውቁ «ወይ መክሰስ ወይ ዝም ማለት» ብቻ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛ፣ መደበኛ ክስ ካቀረበች የመረጠችውን ሰው አማካሪ አድርጋ ይዛ መግባት ትችላለች። ጠበቃ መሆን የለበትም፤ እናት፣ አክስት፣ የማኅበር አባል ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ በቀለሟ ወይም በመጣችበት አገር ምክንያት ከሆነ የሚመለከታት በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል፣ ታይትል ሲክስ ነው።

አምስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ካልሰማት ለፌደራል ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ ማመልከት ትችላለች። በመደበኛው ጊዜው ድርጊቱ ከተፈጸመ 180 ቀን ነው። ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃልና የነበረውን ሰው ወዲያው መጻፍ፣ የስልክ መልእክቶችንም አለመሰረዝ ያስፈልጋል።

እኅቶቼ፣ ከኦተሪን ፀጉር ቤት እስከ ኢታካው ስብሰባ፣ ከዚያም እስከ ዬል ተማሪዎች ዘገባ ብናይ፣ ከቢሮው በፊት የነበረው ተሰብስቦ መስማት ነው። እኛም ያንን እናውቅበታለን፤ ለቅሶ ላይ፣ አራስ ጥየቃ ላይ፣ ቡና ላይ ስናደርገው የኖርነው ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባችን ሁለት ነገር እንድንወስን አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ የአባላት ልጆች የሚማሩባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ዘርዝረን የእያንዳንዱን የታይትል ናይንና የታይትል ሲክስ ቢሮ ስልክ በአንድ ወረቀት ብናወጣ፣ ልጆቹም ከነሐሴ በፊት ቢደርሳቸው። ሁለተኛው፣ ለእናቷ ለመንገር የፈራች ልጅ የምትደውልላቸው፣ ምስጢር የሚጠብቁ ሁለት ወይም ሦስት እኅቶች ከመካከላችን ብንመርጥ። አማካሪ ሆነው አብረዋት ሊገቡም ይችላሉ።

ኦተሪን ሉሲ በ1956 አብሯት ክፍል ድረስ የሚገባ ሰው አልነበራትም። የኛ ልጆች ይህ ሊጎድላቸው አይገባም።